ሌፐርድ ራስ በደብረ ብርሃን፦ ከብርዱ ይልቅ አየሩን ፍሩ

ሌፐርድ ራስ የምትባለውን የባሕር አሣ ለማኖር ደብረ ብርሃን ላይ የባሕር ውሃ አኳሪየም ለማቆም ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ብርዱ ነው። አይፈረድበትም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ንጋት ላይ ሳሎን ውስጥ ቴርሞሜትሩ 12 ዲግሪ ቢያሳይ ማንም አይደነግጥም። ብርድ ግን መላ አለው፤ ሂተር ይገዛል፣ ይሰካል፣ አለቀ። ሂተር የማያስተካክለው ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ መቀመጧን ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ ጠረፍ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ ያው ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ የቱንም ያህል ቢናፈስ 4.7 አካባቢ ላይ ያቆማል። ብርዱን ፈርቶ ሂተሩን 28 ላይ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ወደ 4.5 ያወርደዋል። አሣዋን ከብርድ አዳንኩ ሲል ትንፋሿን ያሳጥርባታል። ስለዚህ የእኛ መነሻ 24 ዲግሪ ነው፣ ሲበዛ 25። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚችው የኦክስጅን ሂሳብ ጋር የተያያዘ ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር። እንግሊዞቹ የዚህን አሣ ወገን «ራስ» ይሉታል፤ ከጭንቅላትም ከራስነት ማዕረግም ጋር አይገናኝም፣ አጋጣሚ ነው። እዚህ የምናወራው ማክሮፋሪንጎዶን ስለሚባለው ዘር ነው፣ ነጋዴዎች ሌፐርድ ራስ የሚሉት። ለእኛ የሚቀርበው ማክሮፋሪንጎዶን ባይፓርቲተስ ነው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እስከ ማልዲቭስ ይገኛል፣ ቀይ ባሕር ውስጥም የራሱ ንዑስ ዝርያ አለው። ሴቷ ከላይ ብርቱካንማ፣ ከሆዷ በኩል ጠቆር ብላ ነጫጭ ነጠብጣብ የተረጨባት ናት። ሲያድጉ 13 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ሁሉም ሴት ሆነው ይጀምራሉ፤ ወንዱ ከእነሱ መካከል አንዷ ተለውጣ የምትሆነው ነው። ስለዚህ ወንድ ፈልጋችሁ ገንዘብ አታባክኑ። ሁለት ሦስት ትናንሽ ሴቶች ካስገባችሁ ትልቋ በጊዜዋ ወንድ ትሆናለች። ሁለት ወንድ አንድ ላይ ግን አይሆንም።

ይህ አሣ ስስ የሚባለው በሦስት ነገር ነው፦ አሸዋ ውስጥ ይተኛል፣ ቀኑን ሙሉ ይለቅማል፣ ሆዱ ውስጥ ስንቅ አያስቀምጥም። ደጋ ላይ አራተኛው ይጨመራል፣ ትንፋሹ።

ገንዳው ለአንዲት ሴት ከ200 ሊትር አይነስ፤ ለሦስት ከሆነ 350 ይሁን። ከፍ ያለና ጠባብ ገንዳ ለዓይን ያምራል፣ ለእኛ ግን አይሆንም፤ ኦክስጅን የሚገባው በገጹ ስለሆነ ሰፊ ገጽ ያስፈልጋል። 100 በ50 ሴንቲሜትር መሠረት፣ 45 ሴንቲሜትር ከፍታ፣ በ10 ሚሊሜትር መስታወት የተሠራ ጥሩ ነው። ድንጋዩና አሸዋው ሲጨመር ከ300 ኪሎ ያልፋልና ከብረት በያጅ የምታሠሩት ማስቀመጫ አራት እግሩ እኩል ይረፍ፤ በጣውላ ወለል ላይ ደግሞ ጨርሶ አታስቀምጡት። ፓምፖቹ ተደምረው በሰዓት የገንዳውን ይዘት ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያንቀሳቅሱ፤ ቢያንስ አንደኛው አፉን ወደ ላይ አድርጎ ገጹን ይስበር። ገጹ እንደ መስታወት ዝም ካለ ኦክስጅን እየገባ አይደለም፤ ሊፈላ እንደተቃረበ ሽሮ መንቀጥቀጥ አለበት። ሌላው ፓምፕ አሸዋውን እየጠረገ ጥግ ላይ እንዳይከምረው ከፍ ብሎ ይታሰር።

የስኪመሩ፣ ማለትም የውሃውን ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ፣ የአየር ቱቦ የሚስበው የክፍሉን አየር ነው። ከሰል ተቀጣጥሎ፣ ቡና ተቆልቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ለብርዱ ተብሎ መስኮቱ ተዘግቶ ከሆነ ያ ሁሉ ወደ ውሃው ይገባል። የከሰሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) ከ8.1 ወደ 7.8 ሲያወርደው ማየት የተለመደ ነው፤ ሰው ግን ምክንያቱን ሳያይ ኬሚካል ሊጨምር ይሮጣል። መፍትሔው የስኪመሩን ቱቦ በመስኮት ጥግ ወደ ውጭ ማውጣትና አፉን በስፖንጅ መሸፈን ነው። ቡናው ሌላ ክፍል ቢፈላ ደግሞ የተሻለ፤ ይህን ለባለቤትም ለእናትም ማስረዳት የራሱ ሥራ አለው። ፍሊትና የቁንጫ መርጫ ግን ገንዳው ባለበት ቤት ፈጽሞ አይረጭም።

ክዳኑ መረብ መሆን አለበት፤ ራስ አሣ ይዘላል፣ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንትና መብራት ድንገት ሲበራ። ሙሉ የመስታወት ክዳን ትንፋሹን ይዘጋል። ዓይኑ 6 ሚሊሜትር የሆነ ፕላስቲክ መረብ በአሉሚኒየም ፍሬም ማሠራት ቀላል ነው። እዚህ ላይ አጥብቀን የምንናገረው የወባ አጎበር እንዳትጠቀሙ ነው። የሚታደለው አጎበር ፓይረትሮይድ በሚባል ፀረ ነፍሳት የተነከረ ነው፤ ለሰው ችግር የለውም፣ ለአሣና ለሽሪምፕ ግን በጥቂቱም መርዝ ነው። ታጥቧል፣ አርጅቷል አይባልም።

አሁን ወደ አሸዋው። ማታ ወደ 12 ሰዓት ሲቃረብ አሣዋን ተመልከቷት። መዋኘቷን ትቀንሳለች፣ አንድ ጥግ መርጣ በአፏ ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ትነካካዋለች፣ በጎኗ ትጋደማለች፣ ከዚያ በጭራዋ ገፍታ በአንድ ምት ትሰወራለች። ከላይ የምትቀረው ጣት ተጭኖ የተነሣባት የምትመስል ትንሽ ስርጉድ ናት። ይህን በየማታው፣ በሕይወት እስካለች ድረስ ታደርጋለች። አሸዋው ሻካራ ከሆነ በየማታው አፏን ትፈገፍጋለች፤ ቁስሉ ያብጣል፣ መብላት ታቆማለች፣ ሰውም «በሽታ ገደላት» ይላል። የሚያስፈልገው ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር የሆነ የአራጎናይት፣ ማለትም ከባሕር የሚገኝ የኖራ ድንጋይ፣ አሸዋ ነው፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር። ለ100 በ50 ገንዳ 40 ኪሎ አካባቢ ይበቃል። የተፈጨ ኮራል አይሆንም። ከግንባታ ቦታ የሚመጣ የወንዝ አሸዋም አይሆንም፤ ጭቃና የማይታወቅ ማዕድን አለው፣ ጠርዙም ስለታም ነው። ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ካደረጋችሁት ታችኛው ንብርብር አየር አጥቶ ይጠቁርና የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። አሣዋ ሌሊቱን የምትተነፍሰው በአሸዋው መሐል የሚገባውን ውሃ ስለሆነ ይህ እኛ ጋ ከጠረፉ ይልቅ ይከፋል። ናሳሪየስ የሚባሉ ቀንድ አውጣዎች ስድስት ሰባት ብታስገቡ አሸዋውን ሲያርሱ ያድራሉ።

ውሃውን በተመለከተ ሁለት ስሕተት ደጋግሞ ይታያል። አንደኛው የአፍዴራን ጨው መጠቀም ነው። የገበታ ጨው በሙሉ ማለት ይቻላል ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ አዮዲንም ተጨምሮበታል፤ የባሕር ውሃ ማግኒዥየሙ፣ ካልሲየሙ፣ ፖታሲየሙ የለውም። ለአኳሪየም የተዘጋጀው የባሕር ጨው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ውድ ነው፣ ምትክ ግን የለውም። ለ100 ሊትር ውሃ ከ3.6 እስከ 3.8 ኪሎ ይገባል፤ ጨዉን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ጨዉ አታፍስሱ፣ አለዚያ ካልሲየሙ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል። ግቡ 35 ፐርሚል (በሺህ 35) ነው፣ ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር በክብደት 1.026 ገደማ። ሁለተኛው ስሕተት አርኦ የሚባለው፣ ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያጣራው ማጣሪያ ላይ የተጻፈውን ማመን ነው። ቁጥሩ የተለካው በ25 ዲግሪ ውሃና በጥሩ ግፊት ነው፤ ከዚያ በታች በየዲግሪው ምርቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የደብረ ብርሃን የቧንቧ ውሃ 13 እና 14 ዲግሪ ሲሆን፣ በተራ ሲመጣ ደግሞ ግፊቱ ሲደክም፣ በቀን 280 ሊትር የሚለው ማጣሪያ ግማሹን ቢሰጥ ጥሩ ነው። የግፊት ፓምፕ ግጠሙለት፤ ውሃ በመጣ ቀን በርሜል ሙሉ አጠራቅሙ። የተዘጋጀውን ውሃ ሳታሞቁ አትቀይሩ። ሃያ ሊትር የ12 ዲግሪ ውሃ ገንዳው ውስጥ መድፋት የተኛችን አሣ ከአልጋ ጎትቶ ውርጭ ላይ እንደማውጣት ነው።

የደጋው አየር ደረቅ ስለሆነ በበጋ በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ይተናል። የሚተነው ውሃው ነው፣ ጨዉ ይቀራል፤ ስለዚህ የሚሞላው ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ነው።

ለሂተር፣ ለ200 ሊትር ሁለት ባለ 200 ዋት ግዙ። አንድ ባለ 400 ዋት ለምን አይሆንም? ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ሳይጠፋ ቢቀር አሣው ይቀቀላል፤ ተቃጥሎ ቢቀር ደግሞ ይበርዳል። ሁለት ሲሆኑ የአንዱ ብልሽት ብቻውን አይገድልም። ከኋላ፣ ከሁለቱ ጎንና ከሥር ሦስት ሴንቲሜትር ፎም ለጥፉ። ሁሉንም ነገር በአንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ፤ ገመዶቹ ሶኬት ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ዘንበል ብለው ይታጠፉ፣ የጨው ውሃ ገመዱን ተከትሎ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። የምድር ሽቦ የሌለው ሶኬት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ? ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሙቀቱን ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተቃራኒ ነው። 200 ሊትር ውሃ ክፍሉ 12 ዲግሪ ሆኖ ፎም ባይኖረው መጀመሪያ ላይ በሰዓት አንድ ዲግሪ ገደማ ያጣል፤ ፎም ካለው ከዚያ በጣም ያንሳል። አምስት ስድስት ሰዓት ብርዱን ትችለዋለች። ፓምፕ በቆመበት ውሃ ግን ኦክስጅኑ ከመነሻውም 4.7 ስለነበር ቶሎ ያልቃል። ባለ 12 ቮልትና 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሳይጎዳ ግማሹን ብንጠቀምበት 600 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ 15 ዋት የሚበላ ፓምፕና አየር ፓምፕ ከአንድ ቀን በላይ ያንቀሳቅሳል፣ አንድ ባለ 200 ዋት ሂተር ግን በሦስት ሰዓት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ባትሪው ለአየር ነው። ሙቀቱን በብርድ ልብስ ያዙት፤ የብርድ ልብስ አገር ላይ ተቀምጦ ይህ አይቸግርም። ጎኖቹን ሸፍኑ እንጂ ገጹን አትክደኑ። መብራት ሲመለስ ከመደበኛው በላይ ቮልት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ስታቢላይዘር ይኑር። ሂተሩ በጠፋበት ሰዓት ውሃ ቀንሶ ከውሃ በላይ ወጥቶ ከሆነ ሲመለስ ይፈነዳልና አስቀድማችሁ እዩት።

ገንዳው ቢያንስ ስምንት ወር ሳይሞላው ይህን አሣ አታምጡ። የዘሩ ስም በግሪክኛ ትልቅ የጉሮሮ ጥርስ እንደማለት ነው፤ በዚያ ጥርስ ከድንጋይና ከአሸዋ ላይ የሚለቅማቸውን ደቃቅ ቅርፊታሞች፣ ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ባለ ቅርፊት ነጠላ ሕዋሶችና ትናንሽ ቀንድ አውጣዎችን ይፈጫል። እኛ ጋ የሚገኘው ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ሕይወት የሚዘራበት ኮፔፖድ በሚባሉ ደቃቅ ቅርፊታሞች ነው። ጠርሙስ ኮፔፖድ ሲገኝ ግማሹን ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ፓምፕ ቆሞ ድንጋዩ ሥር ልቀቁ፤ ግማሹን ለብቻው በባልዲ አራቡ። ሌሊት በባትሪ መብራት መስታወቱን ስትመለከቱ የቁንጫ ያህል ነጫጭ ነጥቦች ሲሮጡ ካላያችሁ ገና አልደረሰም። ማንዳሪን የሚባለውን አሣ አብራችሁ አታኑሩ፤ የሚሻሙት አንድ ማዕድ ነው። ስድስት መስመሩ ራስና ዶቲባክ የሚባሉት አሦች ደግሞ ይደበድቧታል።

አመጣጧ ላይ ሰዓት ቁም ነገር ነው። ከኬንያ የመጣች ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ላይ ስለሆነች በቶሎ ትላመዳለች። ከፊሊፒንስ የሚመጣው የቅርብ ዘመዷ ማክሮፋሪንጎዶን ሜለአግሪስ ግን የአምስት ሰዓት ልዩነት አለው፤ እዚያ ፀሐይ ስትጠልቅ እኛ ጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አሸዋ ገብቶ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ በጨለማ ይነቃል። በዚህ የተነሣ ለቀናት ላታዩት ትችላላችሁ፤ ሳምንት ማለፉም አያስደነግጥም። በፍጹም ቆፍራችሁ አትፈልጉ። የሞተ አሣ አሞኒያውን ከፍ ስለሚያደርግ መመርመሪያው ዜሮ እስካሳየ ድረስ ተዉት።

ጠረፍ ላይ የታሸገ ላስቲክ እዚህ ሲደርስ ውስጡ ያለው ጋዝ ከ40 በመቶ በላይ ይለጠጣል፤ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ይፈነዳል። አዲስ አበባ ላይ እንደገና የታሸገ ከሆነ ለውጡ ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎሜትር መንገድ በፎም ሣጥን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ለብ ያለ የውሃ ጠርሙስ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አምጧት። እንደደረሰች ላስቲኩን ሳትከፍቱ 30 ደቂቃ ገንዳው ላይ አንሳፉ። ከተከፈተ በኋላ ጠብ ጠብ እያደረጉ ሰዓታት ማላመድ ጉዳት አለው፤ ላስቲኩ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሣል፣ የተጠራቀመው አሞኒያ ያን ጊዜ ይመርዛል። የላስቲኩን ጨው ለኩ፣ መቀበያውን በዚያው ልክ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፣ በመረብ ሳይሆን በኩባያ አሸጋግሯት።

ለይቶ ማቆያው 60 ሊትር ቢሆን ይበቃል፤ ግን አሸዋ የሞላ ሣህን ይኑረው። አሸዋ የሌለበት ማቆያ ውስጥ ሌሊቱን የመስታወቱን ወለል በአፏ ስትመታ ታድራለች። ለመድኃኒት መዳብ የምትጠቀሙ ከሆነ ሣህኑ ውስጥ የሚገባው የኳርትዝ አሸዋ ነው፤ አራጎናይት መዳቡን ይመጠዋል። ይህ ዘር መዳብን በደንብ አይችልም፤ ቬልቬት ወይም ነጭ ነጥብ የሚባሉትን የአሣ በሽታዎች ካላያችሁ አትጀምሩ፣ ከጀመራችሁም መጠኑን በሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ አድርሱት። ለሆድና ለስንጥብ (አሣ ለሚተነፍስበት አካል) ትሎች ፕራዚኳንቴል በሊትር 2.5 ሚሊግራም፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙ። የቢልሃርዝያው መድኃኒት ራሱ ነው፤ የፋርማሲው ክኒን ግን ማጣበቂያና ሽፋን ስላለው ውሃውን ያደፈርሳል፣ ባክቴሪያ ይበዛል፣ ያም ኦክስጅን ይበላል። ንጹሕ ዱቄቱን ፈልጉ፤ በሚሰጥበት ቀን አየር ፓምፑን እጥፍ አድርጉት። ማቆያው ስድስት ሳምንት ነው።

መጀመሪያ የምትበላው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። የአርቴሚያ (የደቃቅ ጨው ውሃ ሽሪምፕ) እንቁላል ለማስፈልፈል ያ የናቅነው የገበታ ጨው ይሠራል፦ አንድ ሊትር ውሃ፣ 25 ግራም ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ ግራም እንቁላል፣ ከታች ኃይለኛ አየር፣ መብራት። በ27 ዲግሪ በአንድ ቀን ይፈለፈላል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጠርሙሱን ሰምፑ (ከገንዳው ጋር የተያያዘው የማጣሪያ ገንዳ) ውስጥ አንሳፉት፤ ጠረጴዛ ላይ ካቆማችሁት ሁለት ቀንም ላይበቃው ይችላል። ቅርፊቱ ይንሳፈፋል፣ ጫጩቶቹ ወደ ብርሃን ይሰበሰባሉ፤ በቀጭን ቱቦ ስባችሁ በሻሽ አጥሉና በዚያው ቀን ስጡ፤ ካደሩ ስንቃቸውን ራሳቸው ይጨርሱታል። መብላት ስትለምድ የተከተፈ የበረዶ ማይሲስ (ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ እንስሳ) እና የአሣ እንቁላል እየቀላቀላችሁ አሸጋግሩ። በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ በጥቂት በጥቂቱ። ከጭንቅላቷ ኋላ ያለውን ጀርባዋን እዩ፤ ሞልቶ ከሆነ ደኅና ናት። እንደ ቢላ ስል ከሆነና ሆዷ ከገባ ያየነው የአንድ ቀን ረሃብ አይደለም፤ ወይ ትል አለባት፣ ወይ ምግቡን ሌላ አሣ እየቀደማት ነው። ስትተነፍስ ጉንጯ ከወትሮው ፈጥኖ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ መድኃኒት ከመፈለጋችሁ በፊት ፓምፑን ወደ ገጹ አዙሩ፣ ሂተሩን አንድ ዲግሪ አውርዱ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው ችግሩ ሌላ ነው። እዚያ 1,280 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንፋሹ ይሻላል፤ ሙቀቱ ግን ውሃውን 30 ያደርሰዋል። ገጹ ላይ የሚነፍስ ማራገቢያ ሁለት ሦስት ዲግሪ ያወርዳል፣ የሚተነው ውሃ ግን እጥፍ ይሆናልና ማሟያው አይረሳ። ከደብረ ብርሃን ወደዚያ አሣ የምታወርዱ ከሆነ መንገዱ መጀመሪያ ወደ ጣርማ በር ስለሚወጣ ላስቲኩን አታጥብቁት። ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ጋዙ ተጨምቆ ላስቲኩ ይላላል፤ ተንፍሷል ብላችሁ ደብረ ሲና ላይ እንዳትከፍቱት።